ሳል፣ ስልክና ማኅበር

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ከምትኖር የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር መልእክት ደረሰኝ። ማሳል ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ራጅ ተነሥታለች፣ ሲቲ ስካን ተነሥታለች፣ የአስም መድኃኒት ሞክራለች፣ የጨጓራ መድኃኒት ሞክራለች። ምንም የለም። በመጨረሻ ሐኪሟ "የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋ ልላክሽ። በቪዲዮ ነው፤ እንዳንቺ ከሚያስላቸው ጥቂት ሰዎች ጋር በቡድን ትማሪያለሽ" አላት። እሷም እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ቲቸር፣ ይሄ የምር ሕክምና ነው? ወይስ 'ነገሩ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው' ማለታቸው ነው? ወይስ ወጪ ለመቀነስ በጅምላ ሊያክሙን ነው?"

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሦስቱም ጥያቄዎቿ የታሪክ ጥያቄዎች ሆነው አገኘኋቸው። ለእሷ የመለስኩላትን፣ እሷው ፈቅዳልኝ፣ ሰፋ አድርጌ እዚህ ላስቀምጠው። ረዘም ይላል፤ አቦሉን ይዛችሁ ጀምሩ፣ በረካው ላይ ያልቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የገረመኝን ልንገራችሁ። በርቀት መታከም፣ በመነጋገር መታከም፣ በቡድን መታከም፦ እነዚህ ሦስቱ ዛሬ የተለመዱ ነገሮች ናቸው። የሦስቱንም ታሪክ ወደ ኋላ ብትከተሉት ግን መነሻው አካባቢ አንድ የሚያስል ሰው ቆሞ ታገኛላችሁ።

1. ሳል በስልክ

አሌክሳንደር ግርሃም ቤል የስልክ ፈጠራ መብቱን ያገኘው በመጋቢት 1876 ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1879፣ "ላንሴት" የተባለው የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት አንዲት አጭር ወሬ አወጣ። ጊዜው ሌሊት ነው። አንድ ሕፃን ያስለዋል። ቤተሰቡ "ክሩፕ ይዞት ይሆን?" ብሎ ተርበደበደ። ክሩፕ የልጆችን የመተንፈሻ መንገድ የሚያጠብ በሽታ ነው፤ ሳሉ የውሻ ጩኸት ይመስላል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ልጅ የሚነጥቅ ነገር ነበር። ለሐኪም ተደወለ። ሐኪሙ ካልጋው ሳይወርድ ልጁን ወደ ስልኩ እንዲያስጠጉለትና ሳሉን እንዲያሰሙት ጠየቀ። ሰማ። ክሩፕ አይደለም አለ። ሁሉም ወደ እንቅልፉ ተመለሰ።

የርቀት ሕክምናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህቺን ወሬ በመጀመሪያዎቹ ተርታ ያነሷታል። እኔ ግን የምወዳት በሌላ ምክንያት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘም፣ ልጁንም አልነካም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዳመጠ። ከዚያ በፊት በ1816 ፈረንሳዊው ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛ ደረት ላይ በማስደገፍ የስቴቶስኮፕን መንገድ ከፍቶ ነበር። እሱ ራሱ ኋላ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ስልክ ያደረገው ያንን ቱቦ ከአንድ ክንድ ወደ ብዙ ማይል ማርዘም ነው።

2. ቪየና፦ ሳልን የተረጎሙት

ስልኩ የሕፃኑን ሳል ካሰማ ከዓመት በኋላ ነው። በ1880 ቪየና ውስጥ ዮሴፍ ብሮየር የተባለ የታወቀ ሐኪም የ21 ዓመት ወጣት ሴት ለማከም ተጠራ። የተጠራበት ምክንያት ኃይለኛ ሳል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌላ ነገር ተከተለ፤ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት፣ የገዛ ቋንቋዋ ጠፋባትና በእንግሊዝኛ ብቻ መናገር ጀመረች። መግቢያው በር ግን ሳሉ ነበር።

በመጽሐፍ "አና ኦ" ተብላ የታወቀችው ይህች ሴት እውነተኛ ስሟ በርታ ፓፐንሃይም ነው። ኋላ ላይ በጀርመን የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር የመሠረተች ትልቅ ሰው ሆናለች። ብሮየር እንደጻፈው ሳሉ የጀመራት የታመመ አባቷን አጠገቡ ተቀምጣ ስታስታምም ነው። ከጎረቤት ቤት የጭፈራ ሙዚቃ ተሰማ፣ እዚያ መሆን አማራት፣ በምኞቷም ተጸጸተች፣ ወዲያው አሳላት። ከዚያ በኋላ ምት ያለው ሙዚቃ በሰማች ቁጥር ያስላት ነበር። ብሮየር ቁጭ ብሎ አዳመጣት። "የንግግር ፈውስ" የሚለውን ስም ያወጣችው እሷው ናት። ብሮየርና ፍሮይድ ታሪኳን በ1895 አሳተሙ፣ በመነጋገር የሚደረገው ሕክምና ሁሉ ዘሩን ከዚህ ይቆጥራል።

ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ግን ጉድ አለው። የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ በ1882 ብሮየር ሕክምናውን ካቆመ በኋላ ሴትዮዋ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌላ የሕክምና ተቋም ገብታ ነው የተገኘችው። መጽሐፉ እንደሚለው በንግግር ብቻ ተፈውሳ ወደ ቤቷ አልሄደችም።

ሌላም አለ። በ1905 ፍሮይድ "ዶራ" ብሎ የሰየማትን ልጅ ታሪክ አሳተመ። ይቺም ልጅ ደጋግሞ የሚመለስ ሳል ነበረባት። ፍሮይድ ሳሏን ተረጎመው፤ ይሄ የሚያመለክተው ይሄንን ምኞትሽን ነው አላት። ልጅቷ ግን ትርጓሜውን አልተቀበለችም፣ ሦስት ወር ያህል ቆይታ ሕክምናውን ጥላ ሄደች።

እንግዲህ "ነገሩ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው" የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው ማለት ነው። ተማሪዬ ከሜዳ ተነሥታ አልጠረጠረችም። ከመቶ ዓመት በላይ ሳሉ ምክንያት ያጣ ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ "የነርቭ ሳል ነው" ተብላ ወደ ቤቷ ስትሸኝ ኖራለች። ስሙ በየዘመኑ ይቀያየራል፤ አንዴ ሂስቴሪያ፣ አንዴ ጭንቀት። ሽኝቱ ግን ያው ነው።

3. ሳልን የገሩት

ቪየና ውስጥ ሳል ሲተረጎም፣ ጀርመን ተራሮች ላይ ደግሞ ሌሎች ሐኪሞች ፍጹም ሌላ ነገር ይሠሩ ነበር። ሄርማን ብሬመር በ1850ዎቹ ጎርበርስዶርፍ በተባለ መንደር (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው) ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሳናቶሪየም ከፈተ። የእሱ ተማሪና ታካሚ የነበረው ፔተር ዴትቫይለር ደግሞ በ1876 ፍራንክፈርት አካባቢ ፋልከንሽታይን ላይ የራሱን ከፈተ።

በ1882 ሮበርት ኮህ የነቀርሳውን ባክቴሪያ ካሳየ በኋላ ሳል የግል ጉዳይ መሆኑ አበቃ። አክታው ውስጥ ጠላት እንዳለ ታወቀ። ዴትቫይለር ሕሙማን ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚዞሩትን፣ አክታ የሚተፉበትን ሰማያዊ የመስታወት ጠርሙስ በ1889 አስተዋወቀ። ከጠርሙሱ ጋር አንድ ትምህርትም ነበር፤ እነሱ "የሳል ሥርዓት" ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሳል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አክታ የሚያወጣ፣ ሥራ ያለው ሳል ነው። ሌላው ምንም የማያወጣ፣ ጉሮሮን እየቧጠጠ ራሱን በራሱ የሚጠራ ሳል ነው። ሁለተኛውን ሰው በልምምድ ሊይዘው ይችላል ብለው ያስተምሩ ነበር። ከመቶ በላይ የሚያስላቸው ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ሲበሉ የሚሰማው ሳል ጥቂት መሆኑ የሳናቶሪየሞቹ ኩራት ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም ለእነዚህ ሕሙማን "ሕመማችሁ የሐሳብ ነው" አላላቸውም። ሳንባቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ፤ ይሄ የተረጋገጠ ነው። እንዲያም ሆኖ ሳሉን መግራት ይቻላል ተባለ። በሽታው እውነተኛ መሆኑና ሳሉ በልምምድ መለወጡ አይጣሉም። ለተማሪዬ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ፣ እመለስበታለሁ።

4. ቦስተን 1905፦ የድሆቹ ክፍል

ሳናቶሪየም ግን ለባለጸጋ ነው። ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ሥራ ትቶ፣ ወራት ሙሉ ተኝቶ መብላት ማን ይችላል? ቦስተን ከተማ ውስጥ ጆሴፍ ፕራት የሚባል ወጣት ሐኪም ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣው። ሳናቶሪየም መክፈል የማይችሉትን የነቀርሳ ሕሙማን እዚያው ቤታቸው ማከም አይቻልም ወይ? ኢማኑኤል የምትባል ቤተ ክርስቲያን ገንዘቡን ሰጠችው፣ በሐምሌ 1905 ሥራውን ጀመረ። ዓመቱን አስተውላችሁልኛል? ፍሮይድ የዶራን ታሪክ ያሳተመበት ያው ዓመት ነው።

ፕራት ያቋቋመውን ነገር "ክፍል" አለው፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤት። ቁጥሩ ከ25 ሰው እንዳይበልጥ ወሰነ። እያንዳንዱ አባል ደብተር አለው። የሙቀት መጠኑን፣ የበላውን፣ ውጪ አየር ላይ የቆየበትን ሰዓት በየቀኑ ይጽፋል። በሳምንት አንዴ ሁሉም ይገናኛሉ፣ ይመዘናሉ፣ ደብተራቸው ይታያል። በመካከሉ ቤት ለቤት የምትዞር ጠያቂ አለች። ሕሙማኑ ጣሪያ ላይና ሰገነት ላይ ድንኳን ተክለው ይተኙ ነበር። አዎ፣ በቦስተን ክረምት!

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ "ወጪ ለመቀነስ ነው ወይ?" የምትለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አዎ፣ የተጀመረው ለቁጠባ ነው። ፕራት መጀመሪያ ያሰበው አንድ ሐኪም ያንኑ ምክር ሃያ ጊዜ ከሚደግም ሃያውን ሰው ሰብስቦ አንዴ ቢናገር ይሻላል ብሎ ነው። ጊዜና ገንዘብ ቁጠባ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። እየቆየ ግን ያልጠበቀውን አየ። ዘራቸው፣ ሃይማኖታቸውና ሥራቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ በሽታ ተዛመዱ። ክብደት የጨመረችው ሴት ያልጨመረችውን ታጽናናለች። አዲስ የመጣው ሰው "እኔም እንዳንተ ነበርኩ" የሚለውን ሰው አጠገቡ ያገኛል። ከሐኪሙ ምክር እኩል የሚያክም ነገር ክፍሉ ውስጥ ተፈጠረ።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዕድርም ማኅበርም ያለው ሕዝብ የፕራትን ግኝት ለመረዳት መጽሐፍ አይፈልግም። ፕራት ራሱ በ1930 ያንኑ ዘዴ ሌላ ዓይነት ሕሙማን ላይ፣ አካላዊ ምክንያት ያልተገኘለት ሥቃይ ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ተጠቀመበት። ዛሬ የቡድን ሕክምናን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከፕራት ክፍል ይጀምራል፤ ከሚያስሉት ድሆች ማለት ነው።

5. መድኃኒቱ መጣ፣ ትምህርቱ ጠፋ

በዚህ መሀል የመድኃኒት ፋብሪካዎች አልተኙም። ኮዴን ከኦፒየም ተለይቶ የወጣው በ1832 ነው። በ1898 ደግሞ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ አዲስ የሳል መድኃኒት ይዞ ገበያ ወጣ። ስሙን "ሄሮይን" አለው። አልተሳሳታችሁም፣ ያው የምታውቁት ሄሮይን ነው። ሱስ እንደሚያስይዝ ሲታወቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማምረቱን ተወው። ሳልን በኃይል ዝም የማሰኘት ፍላጎት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ። ነቀርሳ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆነ። ይሄ የሰው ልጅ ትልቅ ድል ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ሳናቶሪየሞቹ ሲዘጉ የሳል ሥርዓቱ ትምህርትም አብሮ ተረሳ። ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ሳሉ የማይለቀው ሰው ወዴት ይሂድ? ራጁ ምንም አያሳይም። የቀረለት ሽሮፕ ነው፤ ሽሮፑ ካልያዘለት ደግሞ ያቺ የቪየና ሽኝት ናት፦ "የነርቭ ነው።"

6. ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ቡድን

ወደ ርቀቱ እንመለስ። ኔብራስካ የአሜሪካ ሰፊ የእርሻ ምድር ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ጥቂት። ኦማሃ ከተማ የነበረው ሐኪም ሲሲል ዊትሰን በ1959 ሁለት አቅጣጫ የሚያሳይና የሚያሰማ ቴሌቪዥን መጠቀም ጀመረ። ታዲያ ከመጀመሪያ ሙከራዎቹ አንዱ ምን ይመስላችኋል? የቡድን ሕክምና! ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ ታካሚዎቹ ተሰብስበው በሌላ በኩል። በ1961 ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር ጻፈ። በ1964 ደግሞ 112 ማይል ርቆ ከሚገኘው የኖርፎክ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። በ1968 ቦስተን ውስጥ ኬኔዝ በርድ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታልን ከሎጋን አየር ማረፊያ ጋር በማይክሮዌቭ አገናኘ።

ስለዚህ "በቪዲዮ በቡድን መታከም" የኮሮና ዘመን ፈጠራ አይደለም። ዙም ሳይወለድ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሞክሯል። ያኔ ግን ዕቃው ውድ ስለነበር እንደ ልብ አልተስፋፋም።

7. ልጆቹ ቀደሙ፣ ትልልቆቹ ተከተሉ

የተረሳው የሳል ትምህርት መጀመሪያ የተመለሰው በልጆች በኩል ነው። በ1966 በርማን የተባለ አሜሪካዊ የአለርጂ ሐኪም ስለ "ልማድ ሳል" ጻፈ፤ ቀን ሙሉ እያስላቸው ሌሊት ሲተኙ ጭጭ የሚሉ ልጆች። በ1984 ሌሎች ሐኪሞች የልጁን ደረት በአንሶላ ጠምጥመው "ይሄ ደረትህን ይደግፍልሃል" በማለት እንዳስተዉ ጻፉ። ሠርቷል፤ ግን ትንሽ ማታለል አለበት።

አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይልስ ዌይንበርገርና ባልደረቦቹ በ1991 ያሳተሙት ዘዴ ማታለል የለበትም። ለልጁ እውነቱ ይነገረዋል፦ ሳሉ ጉሮሮህን ይቆጣዋል፣ የተቆጣው ጉሮሮ ደግሞ ሳል ይጠራል፣ ይሄንን ክብ እንቁረጠው። ሲመጣብህ ትንሽ ያዘው። አሁን ትንሽ ጨምር። ውሃ ጎንጨት በል። አየህ፣ ቻልክ! በአንድ አጭር ቆይታ ብዙ ልጆች ያቆማሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዌይንበርገር አንዲት ታዳጊ ልጅን በቪዲዮ ጥሪ እንዲሁ አከማት። ቀረጻው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከዚያ ሌሎች ልጆች የእሷን ሕክምና ተመልክተው ብቻ ማሳል አቆሙ፤ ይሄም በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። የ1879ኙ ስልክ የት እንደደረሰ አያችሁ?

ለትልልቆቹ ወሳኙ ዓመት 2006 ነው። ቦታው አውስትራሊያ፣ ኒውካስል። አን ቨርቲጋን የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር፣ መድኃኒት አልመልስ ያላቸውን 87 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለች። ግማሾቹ ሳልን የመቆጣጠር ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ለማወዳደሪያ ያህል ስለ ጤናማ አኗኗር ተማሩ። ውጤቱ፦ ከታከሙት 88 በመቶው፣ ከማወዳደሪያዎቹ 14 በመቶው ተሳክቶላቸዋል ተባለ። በ2017 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በ75 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ወጣ። እዚያ ሳሉን የቆጠረው ሰው ሳይሆን መቅጃ መሣሪያ ነው። የታከሙት ሰዎች ሳል ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በ41 በመቶ ቀነሰ።

ምንድን ነው የሚያስተምሩት? አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳሉ ለምን እንደሚመጣ ማስረዳት። ሁለተኛ፣ የመቧጠጡ ስሜት ሲመጣ፣ ሳሉ ሳይቀድም፣ መዋጥ፣ ውሃ መጎንጨት፣ በአፍንጫ ስቦ በተሰበሰበ ከንፈር ቀስ ብሎ ማስወጣት። ሦስተኛ፣ ጉሮሮን መንከባከብ፤ በቂ ውሃ መጠጣት፣ ጭስ መራቅ፣ ጉሮሮን ደጋግሞ አለመጥረግ። አራተኛ፣ "እኔም ድርሻ አለኝ፣ እችላለሁ" የሚለውን ማጎልበት።

"ታዲያ ይሄ የጭንቅላት ነው ማለት አይደለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ዛሬ ባለሙያዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው። ከማንቁርትና ከመተንፈሻ ቱቦ መልእክት ወደ አንጎል የሚወስደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ከመጠን በላይ ስሜተኛ ይሆናል። ሽቶ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ መሳቅ፣ ስልክ ላይ ማውራት ብቻውን ይበቃዋል። ሌባ ሳይመጣ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደሚጮህ የመኪና አላርም ማለት ነው። አላርሙ እውነተኛ ነው፣ ጩኸቱም እውነተኛ ነው። ሳል ደግሞ ያለ ፈቃዳችንም በፈቃዳችንም የሚሠራ ነገር ነው። ፈልጋችሁ ማሳል ትችላላችሁ፤ ጥቂት ልትይዙትም ትችላላችሁ። ሕክምናው የሚገባው በዚያች ጠባብ በር ነው። እግሩ ተሰብሮ የዳነ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲታዘዝለት "ስብራትህ የሐሳብ ነው" እንዳልተባለ ሁሉ፣ ይሄም እንዲያው ነው።

መድኃኒትስ? ጌፋፒክሳንት የሚባል አዲስ መድኃኒት ተሠርቶ ጃፓን በ2022፣ አውሮፓ በ2023 ፈቅደውታል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ጊዜ መልሶታል። የሚወስዱት ብዙ ሰዎችም የምግብ ጣዕም ይለወጥባቸዋል። ስለዚህ ይሄ የልምምድ ሕክምና "መድኃኒት ስላጣን ነው" የሚባል ማጽናኛ አይደለም። ካሉት ደህና አማራጮች አንዱ ነው።

8. ሁሉም በአንድ ስክሪን ላይ

ከ8 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በአዋቂ ሰው "ሥር የሰደደ" ይባላል። በዓለም ላይ ከአሥር አዋቂ አንዱን ያህል ይነካል ተብሎ ይገመታል። ሳል ክሊኒኮች ውስጥ ከሚታዩት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ሲያስላቸው ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ይሄንን ደግሞ ለማንም አይናገሩም። የጎድን አጥንት እስኪሰበር፣ ራስን እስኪስቱ ማሳልም አለ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት፣ ስብሰባ ሁሉ ይቀራል። በኮሮና ጊዜ ታክሲ ውስጥ ያሳለ ሰው ምን ዓይነት ዐይን እንዳረፈበት ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚህ ሰዎች ያ ዐይን ከኮሮና በፊትም ነበረባቸው፣ አሁንም አለባቸው።

ይህን ሁሉ ሰው የሚያክሙ፣ በሳል ላይ የሠለጠኑ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን በየአገሩ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ትልልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ከ2020 ወዲህ ክሊኒኮች በግድ ወደ ቪዲዮ ሲገቡ፣ ይሄ ሕክምና ለቪዲዮ የተመቸ መሆኑ ታየ። መርፌ የለው፣ መንካት የለው፤ የሚያስፈልገው ማየት፣ ማዳመጥና መለማመድ ነው። ከዚያ በቡድን መስጠትም መሞከር ጀመረ።

አሁን ያንን ስክሪን አስቡት። እያንዳንዱ በየራሱ መስኮት ተቀምጧል፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አጠገቡ አለ። አንዷ ማሳል ስትጀምር ማንም ፊቱን አያዞርም፣ ማንም አይሸሽም። ባለሙያዋ "ይሄው፣ አሁን እንሞክረው" ትላለች፤ ሁሉም አብሮ ይስባል፣ አብሮ ያስወጣል። የ1879ኙ ሐኪም ጆሮ አለ። የብሮየር ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አለ፤ ትርጓሜው ግን ቀርቷል። የሳናቶሪየሙ የሳል ሥርዓት አለ። የፕራት ክፍልና ደብተር አለ። የኔብራስካው ቴሌቪዥን አለ። መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ዓመት ተበታትነው የቆዩ ነገሮች ናቸው።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ኢንተርኔት የሌለውን አይደርስም። ቤቱ ጠባብ የሆነ ሰው ገመናውን በቤተሰብ ፊት ማውራት ይከብደዋል። ቋንቋውን የማይችል ደግሞ ቡድን ውስጥ ሆኖም ብቻውን ነው። የኛ ሰዎች ዳያስፖራ ውስጥ ለዚህ ለመጨረሻው የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ተማሪዬን "አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለሽ አትርሺ፣ ካልመቸሽም ለብቻ ይሰጠኝ በይ" ብያታለሁ።

9. ለኛ ለአገር ቤቶቹ

ይሄን አንብቦ "ሳሌን እይዛለሁ" ብሎ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር አደራ። ልምምዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ። አገራችን ነቀርሳ ያለባት አገር ናት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ አክታ ማስመርመር ግዴታ ነው። ደም ከተቀላቀለበት፣ ኪሎ ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀ፣ ትኩሳት ካለ አንድም ቀን አትጠብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ነቀርሳ አይደለም ከተባለ አስም፣ ሳይነስ፣ ቃር፣ የማድ ቤት ጭስና ሲጋራ ይታያሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ስሙን ለሐኪም ንገሩ፤ ኢናላፕሪልና ወንድሞቹ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ ሐኪሙ ይቀይርላችኋል።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የጻፍኩላት ይሄን ነው። "የምር ሕክምና ነው ወይ?" ላልሽው፣ አዎ ነው፤ በዕጣ ተከፍሎ ተፈትኗል። "ጭንቅላትሽ ነው ማለታቸው ነው ወይ?" ላልሽው፣ አይደለም፤ ነርቭሽ ነው፣ ነርቭ ደግሞ ይማራል። "ለቁጠባ ነው ወይ?" ላልሽው፣ ለቁጠባም ነው፤ የፕራትም ለቁጠባ ነበር፣ ሰዎቹ ግን ገብተው ከቁጠባ የበለጠ ነገር አገኙበት።

የሚያስል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከሰው የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ "ኧረ ዝም በል።" ሄሮይኑም ሽሮፑም ያንኑ ቃል ነው የሚሉት። ከዚህ ታሪክ የያዝኩት፣ ነገሩ የተለወጠው አንድ ሰው "እስቲ ልስማው" ባለ ጊዜ፣ ቀጥሎም "እንዴት እንደሚያዝ ላሳይህ" ባለ ጊዜ መሆኑን ነው። ቤታችሁ ውስጥ፣ ቢሮ፣ ታክሲ ውስጥ የሚያስል ሰው ካጋጠማችሁ ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀብሉት።

ከእናንተ መሀል በዚህ ያለፈ ካለ፣ ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ከታች ጻፉልን፤ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ለሚያስለው ዘመዳችሁም አጋሩት።

ሰላም ሁኑልኝ።